ምላጭ ሲጋራ ሲተው

ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ሁሉ ምላጭ ይለዋል። ፀጉር አስተካካይ በመሆኑ ብቻ የወጣለት ስም አይደለም፤ ምላሱም ከእጁ የማያንስ ስለት ስላለው ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ኩራቱንም ትንሽ አስቆርጦ ይነሣል ይባላል። ቢሆንም ደንበኛ አያጣም፤ እጁን ሁሉም ይመሰክርለታል።

ሱቁ ከአንድ ባለፎቅ ሕንፃ ሥር፣ በልብስ ሰፊዋና በጫማ መሸጫው መሃል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አንድ አግዳሚ አሏት። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ላይ ሰው ከተቀመጠበት ቆይቷል። አብሮት ይሠራ የነበረው ሰው ሥራውን ከለመደ በኋላ ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፍቶ ሄዷል። በሰላም ነው የተለያዩት፤ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ ሆነው እጅ ይነሣሣሉ።

ምላጭ አንድ ደንበኛ በሸኘ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ አንድ ሲጋራ ያጨሳል። ጨርሶ ሲገባ እጁን በአልኮል ያሻሻል፣ ፎጣውን ያራግፋል፣ ቀጣዩን ይጠራል። አልኮል ሁሉን ነገር ጠራርጎ የሚወስድ ይመስለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያጨስ ዓይኑ ወደ ማዶ ሄደ። እዚያ ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮ የተቀመጡት የጂኦግራፊ መምህሩ ናቸው። ፀጉራቸው ገና ጥቁር ሳለ ጀምሮ ከምላጭ በቀር ጭንቅላታቸውን የነካ እጅ የለም። ምላጭ ክው አለ። ቸኩለው ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። በሌላው ጊዜም እዚያው ሆነው አያቸው። ከዚያ መንገድ ላይ ሲገናኙ መምህሩ ከወትሮው አብልጠው ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጡት፤ ስለ ባለቤቱ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ጤናው አንድ በአንድ ጠየቁት። ሰው እንዲህ አብዝቶ የሚጠይቀው የከዳውን ነው። ምላጭ የባሰ ከፋው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የራሱን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቀው ለእሱ የሚነግረው ጠፋ። ዞር ዞር እያለ አንዱን ጠየቀ፣ ሌላውን ጠየቀ፤ ሁሉም ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ። በመጨረሻ ወደ ልብስ ሰፊዋ ገባ። እሷ በከንፈሯ ስፒሎች ይዛ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ መርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«እውነቱን ልንገርህ ወይስ ደስ የሚልህን?» አለችው።

«ደስ የሚለኝንማ ራሴም አውቀዋለሁ።»

«ጣትህ ነው። ሰው አፍንጫ ሥር ስትደርስ ሲጋራ ሲጋራ ይላል። መምህሩ ጢማቸውን ስትላጫቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር የሚቆዩት። ላንተ መንገር ግን አፈሩ።»

ምላጭ ወደ ሱቁ ተመልሶ ጣቶቹን አፍንጫው ላይ አደረገ። ምንም አልሸተተውም። አውራ ጣቱን አሸተተ፣ ሌባ ጣቱን አሸተተ፣ ምንም። ከመምህሩ መሄድ ይልቅ ያሳመመው ይህ ነው። ሰውን ሁሉ የሚሸተው ነገር እሱን ብቻ የማይሸተው ከሆነ፣ አፍንጫውም ከሲጋራው ጋር ሄዷል ማለት ነው።

በዚያው ቀን ተወው። ቢያንስ ተውኩ አለ።

ባለቤቱ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት አዳይ ናት። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ሲጋራ ማቆሚያ የሚታኘክ ማስቲካ እንዳለ ነግራዋለች። እሱ ግን መድኃኒት ለበሽተኛ ነው፣ እኔ ከመሬት የበቀለ ነገር ይበቃኛል ብሎ ዘጋት። እሷም አልተከራከረችም። ዝንጅብል ማንንም አልጎዳም፣ የማይችለውን እንዲሠራልህ ግን አትጠብቅ ብላ ተወችው።

ወሬው አግዳሚው ላይ ሲደርስ የመድኃኒት ዓይነት ዘነበ። ሱስ የሌለበት ሰው ሁሉ የሱስ ሐኪም ነው። ታክሲ ነጂው ሲያምርህ ሎሚ ምጠጥ አለው። አትክልት ሻጩ ካሮት ይሻላል፣ አፍ ይይዛል አለ። አንዱ ማር በሞቀ ውኃ በባዶ ሆድ፣ ሌላው የናና ቅጠል፣ ሌላው ጥቁር አዝሙድ አለ። የባንኩ ጥበቃ ደግሞ ቅርንፉድ ጉንጭህ ውስጥ ያዝ፣ የእኔ ወንድም በእሱ ነው የተገላገለው ብሎ ማለ። ወንድሙ አሁን የት እንዳለ ሲጠየቅ በሕይወት እንደሌለ ታወቀ፤ ግን በሌላ በሽታ ነው አለ።

ምላጭ ሁሉንም ሞከረ። ሎሚው ጥርሱን አጥረሰው። ካሮቱን ሲቆረጥም ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ጆሮዬ ሥር ፈረስ የሚበላ መሰለኝ ብሎ ተነሣበት። ቅርንፉዱ ምላሱን አደንዝዞት ሙሉ ጠዋት «ቀጣይ» የሚለውን ቃል እንኳ በወጉ መጥራት አቃተው። ምላጭ ዶለዶመ ተብሎ ተሳቀበት። እሱ ግን መሳቅ አልቻለም፤ ከነገሩ ሁሉ የጠፋው ትዕግሥቱ ነበር። ሊያገባ የተዘጋጀ አንድ ወጣት መጥቶ ግራና ቀኙን ሲያስተካክልለት፣ አንዱን ከሌላው ለማመሳሰል ሲል ሁለቱንም ጨረሳቸው። ሙሽራው በመስታወቱ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየና፣ ፀጉር ይበቅላል ብሎ ወጣ። ምላጭም ተከትሎ ወጥቶ ከጫማ ሻጩ አንድ ሲጋራ ለመነ።

ከዚያ በኋላ በአደባባይ ተውኩ እያለ በስውር ማጨስ ጀመረ።

አማቱ የመጡት በዚህ መሃል ነው። የሚኖሩበት ቤት ጣሪያ አርጅቶ በዝናቡ ወረደ፤ ኮርኒሱም አብሮ ወደቀ። እስኪጠገን ድረስ ልጃቸው ዘንድ ሊቆዩ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ሁሉም እማማ ይላቸዋል። ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ የተናገሩትን የማይደግሙ ሴት ናቸው። ከአማቻቸው ጋር ጠብ የላቸውም፤ ፍቅርም አልነበራቸውም። በመካከላቸው የነበረው ጭስ ነው። እሳቸው ቤት ሲሄድ ገና ኪሱን ሲዳብስ እማማ ብርድም ቢሆን መስኮቱን ሁሉ ከፍተው በጋዜጣ ያራግቡበታል። እሱም ነገሩ ገብቶት ወደ ግቢ ይወጣል። አሁን ደግሞ በራሱ ቤት መደበቂያ የሚፈልግ እንግዳ ሆነ።

እነ ምላጭ የሚኖሩበት ሕንፃ አናቱ ላይ ነዋሪው ልብስ የሚያሰጣበት ሰፊ ቦታ አለ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ባለቤቱ ጋደም ስትል ምላጭ ደረጃውን ወጣ። አንሶላዎች በገመዱ ላይ ተዘርግተዋል። በመካከላቸው ሾልኮ ወደ ውኃ ታንከሩ ጀርባ ዞረ።

እማማ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠዋል። ሲጋራውን በመዳፋቸው ውስጥ ደብቀው፣ እሳቱን ወደ ውስጥ አዙረው ይዘውታል፤ የለመደ ሰው አያያዝ ነው። ሁለቱ ተያዩ። እሳቸው ለመጣል አልሞከሩም፤ እሱም ለመመለስ አልሞከረም።

«ቆመህ አትየኝ፤ ተቀመጥ» አሉት።

ታንከሩ የቆመበት ግንብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብዙ ነገር ምላሱ ላይ መጣ፤ አንዱን ብቻ አወጣ። «አመድ በዱቄት ይስቃል ማለት ይኼ ነው፣ እማማ።»

«እውነትህን ነው። አመዷ እኔ ነኝ።»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው በጥቂት ቃል ነገሩት። በወጣትነታቸው ሲጋራ ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል ነበር የሠሩት። ይህን ምላጭ ያውቃል። የማያውቀው ሌላው ነው። ሴቶቹ ከማሽኑ ፊት ተሰልፈው ቆመው ይውሉ ነበር፤ አለቃው ከሰልፉ ወጣ ብሎ እንዲያርፍ የሚፈቅደው ለሚያጨስ ሰው ብቻ ነው። የማያጨስ ለምን ይወጣል ይል ነበር። እግራቸው ያበጠ ሴቶች ለመቀመጥ ሲሉ ማጨስ ተማሩ። እማማም ከእነሱ አንዷ ናቸው።

«ዕረፍት ለማግኘት ብዬ ጀመርኩት» አሉ። «ዕረፍቱ እዚያው ቀረ፤ ሲጋራው አብሮኝ ጡረታ ወጣ።»

ታዲያ እኔን ለምን በጋዜጣ ያራግቡብኝ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። እማማ አንተ ስታጨስ ስለሚያምረኝ ነው አሉት። ሽታው ከክፍሉ ካልወጣ እሳቸውም ተነሥተው ሊያጨሱ መውጣታቸው አይቀርም፤ ልጃቸው ደግሞ ምንም አታውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ስለምሠራ ልብሴ ይሸታል እያሉ አሳደጓት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ምክንያት አልቆ በየጓሮው መደበቅ ሆነ።

«ብቻዬን ስንት ጊዜ ተውኩት» አሉ፣ ቁራጩን ባልዲው ሥር እያጠፉ። «ብቻ ሲሆኑ አይሆንም። አንተም ብቻህን አልሆነልህም፤ ካሮት ስትቆረጥም ሰንብተህ ይኸው እዚህ ነህ። አብረን እንሞክረው። ልጄ ግን እንዳትሰማ። እስከ ዛሬ በምታውቀኝ ልክ ትወቀኝ።»

ምላጭ ማለላቸው። ያኔ ቀላል መሐላ መስሎት ነበር።

በማግስቱ እማማ ማልደው ወጥ ቤቱን ያዙ። ዝንጅብሉን ልጠው ወቀጡት፣ ከቀረፋ ጋር አፈሉት፤ ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ጨመቁበትና በፔርሙዝ ሞሉት። የቀረፋውን እንጨት ደግሞ በሲጋራ ልክ እየሰበሩ በብልቃጥ ያዙ። በእሳቸው ግምት ሱሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ደም ውስጥ ነው፣ ሌላው ጣት ላይ ነው። ለደሙ ዝንጅብሉ ያግዛል ወይስ አያግዝም፣ አያውቁም፤ ለጣት ግን ቀረፋ ይሆናል። ሲያምርህ በሁለት ጣትህ ያዘው፣ በጥርስህ ነክሰህ አየር ሳብበት፤ ቢያንስ እጅህ ሥራ ያገኛል አሉት።

ፔርሙዙን ይዘው ሱቁ ድረስ ሄዱና ባዶው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ደንበኛው ሁሉ ግራ ተጋባ። ሰዎች ሲገቡ ድምፃቸውን ቀነሱ፤ አግዳሚው ላይ የሚነገረው ቀልድም ጨዋ ሆነ። ኋላ ግን ለመዷቸው። እማማ ፎጣ ያጥፋሉ፣ ማበጠሪያ ያጥባሉ፣ መስታወት ይወለውላሉ። ምላጭ ሳያስበው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያስላሉ። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ወደ በሩ ሲሄድ እሱ አንድ ክምር ፎጣ ያቀብላቸዋል። ሰው ከአማቱ ጋር እንዲህ ሲግባባ አይተን አናውቅም ተባለ። ሳምንቱ ሳያልቅ አግዳሚው ላይ ያለው ግማሹ ሰው ቀረፋ ነክሶ ተራ ይጠብቅ ጀመር።

ቀላል ነበር ማለት አይደለም። የምላጭ ራስ ምታት ጠዋት ሲነሣ አብሮት ይነሣል። እማማ እንቅልፍ ከዳቸው፤ አፋቸው ደረቀ፤ ዝምታቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ። አንድ ቀን የታክሲ ነጂውን ወሬ መሃል ላይ አቋርጠው ይህን ታሪክ ትናንትም ነግረኸናል፣ ያኔም አያስቅም ነበር አሉት። ሌላ ቀን አማትና አማች ደረጃ ላይ ቆመው ዝንጅብሉ ውስጥ ስኳር ይግባ አይግባ በሚል ተጣሉ፤ ሁለቱም ስለ ስኳር እንዳልሆነ እያወቁ። ጉሮሯቸው ራሱን ማጥራት ሲጀምር ደግሞ ሁለቱም ከቀድሞው አብልጠው ይስሉ ጀመር። ሳል የሚብሰው ሲተዉት ነው ብሎ የነገራቸው ስላልነበረ እማማ ፈርተው ነበር።

መምህሩ አልተመለሱም። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ ጠቅልለው ሄዱ። ዕቃቸው ሲጫን ምላጭ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ ተሰናበታቸው። ሁለቱም ስለ ፀጉር አላነሡም።

ቤት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተጠነሰሰ። ባለቤቱ ወጥ ቤት ስትገባ እናቷና ባሏ ወሬ ያቋርጣሉ። ቀድሞ ከሰላምታ በቀር ቃል የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች ጠዋት ተያይዘው ይወጣሉ፣ ማታ ተያይዘው ይገባሉ። እናቷ ከስታለች፤ ግድግዳውን ተሻግሮ ሳሏ ይሰማል። ባሏ ምላሱን ዋጥ አድርጎ በስርቆት እናቷን ያያል። እንዲህ ያለውን ነገር እሷ ከሥራዋ ታውቀዋለች፤ የምርመራ ውጤት በኪሱ ይዞ ለቤተሰብ ሳይነግር መድኃኒት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ፊቱ እንዲህ ነው።

አንድ ምሽት ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ካውያውን አቆመችና ጠየቀችው።

«እናቴ ምን ሆና ነው?»

«ምንም።»

«ቀኑን ሙሉ የማየው ምንም የሚሉ ሰዎችን ነው። ሳንባዋን ነው?»

ምላጭ ሲጋራ ለመተው እየሞከርኩ ነው፣ እማማ እያገዙኝ ነው አላት። ያንን ማየት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ የጠየቅኩህ ስለ አንተ አይደለም አለችው። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷም ካውያውን አነሣች፤ ሸሚዙን ጨርሳ አጠፈችው፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። ሲነጋም አላናገረችውም።

ሱቁ እንደተከፈተ ምላጭ ለእማማ ነገራቸው። መሐላዬን አላፈረስኩም፣ ግን ልጅዎ ሊሞቱባት መስሏታል አላቸው። እማማ ያጥፉት የነበረውን ፎጣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ምሳ ሳይደርስ ፔርሙዙን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ።

ማታ እራት ቀርቦ ሦስቱም ሲቀመጡ እማማ ማንኪያቸውን ሳያነሡ ለልጃቸው ነገሯት። ፋብሪካውን፣ ዕረፍቱን፣ ጓሮውን፣ ታንከሩን። አልተለማመጡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም። ሲጨርሱ ውኃ ጠጡ።

ልጅየዋ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ምላጭ ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለቀሰችም።

«ሻርፕሽ» አለች በመጨረሻ። «ከሥራ ስትመጪ አፍንጫዬን ሻርፕሽ ውስጥ ቀብሬ ነበር የምተኛው። የፋብሪካው ሽታ ይመስለኝ ነበር። ሳድግ እዚያ እሠራለሁ እል ነበር።»

«ለዚያም ነው ያልነገርኩሽ» አሉ እማማ።

ከዚያ ቁጣዋ መጣ፤ ቁጣዋ ግን የታሰበው አልነበረም። ባሌን ይህን ሁሉ ዘመን በብርድ ግቢ ውስጥ አቁመሽዋል አለቻቸው። እማማ አዎ አሉ። ልጅየዋ ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ ወጥ ቤት ገብታ ከሚገባው በላይ ብዙ ውኃ አፍስሳ አጠበቻቸው። እጇን እየጠረገች ስትመለስ ድምፅዋ የፋርማሲ ድምፅ ሆኖ ነበር። ነገ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ፣ የደም ግፊታችሁ ይለካል፤ እማዬ ደግሞ ሐኪም ያያታል አለች። ሐኪሙም አያቸው። ለዕድሜያቸው ክፉ አይደሉም፤ ሳሉም እየቀነሰ ይሄዳል ተባለ። ባለቤቱ ከሐኪሙ ክፍል ስትወጣ የምላጭን ክንድ ይዛ ነበር የወጣችው።

የእማማ ቤት ጣሪያ ተጠግኖ አለቀ። ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። ፔርሙዙን ለምላጭ ተዉለት።

ዝንጅብሉን አሁን ራሱ ያፈላል። ቀረፋው በብልቃጡ አለ። ባዶው ወንበር ተመልሶ ባዶ ሆነ። የተወሰነ ጊዜ በደህና አለፈ፤ አፍንጫውም ቀስ በቀስ ተመለሰለት። የታልክ ፓውደሩን ሽታ፣ የፎጣውን ሳሙና፣ የደንበኞቹን የፀጉር ቅባት ለየብቻ ለየ፤ አንዳንዱን ባይለየው ይሻለው ነበር። ከዚያ አንድ ሥራ የቀዘቀዘበት ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ ደንበኛ ሲጋራውን መስታወቱ ሥር ረስቶ ሄደ። ምላጭ አልተናደደም፣ አልከፋውም፣ ያጋጠመው ነገር የለም። አንዱን አወጣና በሩ ላይ ቆሞ አጨሰ። ሁለተኛውንም አጨሰ። ደንበኛው ሲመለስ ፓኮው ጎድሎ አገኘው። ቅዳሜም ደገመ።

እሑድ ዕለት ብቻውን ወደ እማማ ሄደ። በሩን ከፍተው አንድ እርምጃ ሲጠጋቸው አፍንጫቸው ነገራቸው። ግባ ብቻ አሉት። ቤቱ ገና ግንበኛ ግንበኛ ይሸታል፤ አዲሱ ኮርኒስ ቀለም አልተቀባም፤ ዕቃው ሁሉ በላስቲክ ተሸፍኖ መሃል ላይ ተቆልሏል። የሚቀመጡበትን ፈልገው ተቀመጡ።

«እርስዎስ?» አላቸው።

«አልነካሁም።»

«አያምርዎትም?»

«ይኼው አሁን ካንተ ሸሚዝ ላይ እያማረኝ ነው።»

ምላጭ አፈረ። ዝንጅብሉንም ቀረፋውንም አላቋረጥኩም ነበር አላቸው፣ እንደ ክስ። እማማ ሰሙት። ዝንጅብል የሞቀ ውኃ ነው፣ ቀረፋም እንጨት ነው አሉት። ለእኔ በቃኝ፤ ምናልባት እልኸኛ ስለሆንኩ፣ ምናልባት ልጄ ስላወቀችብኝ። ላንተ ካልበቃህ ሌላ ጨምርበት። ሚስትህ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ለሰው ስታድል አንተ ደጃፏን ረግጠህ አታውቅም። ምን ይቀርብሃል?

ምላጭ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወደ ፋርማሲው ሄደ። ሰልፍ ነበር፤ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ በመስኮቱ ቀዳዳ ተያዩ። ባለቤቱ ምን ልርዳህ አላለችም፤ ምን ሆነህ መጣህም አላለችም። ጠበቀችው።

«ማስቲካውን ፈልጌ ነበር» አላት። «ቅዳሜ አጭሻለሁ። ከዚያ በፊት ሐሙስም።»

ከኋላው ያሉት ሰዎች ሰሙ። እሷ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ይዛ መጣች፤ ለማንም ሰው በምትናገርበት ድምፅም አስረዳችው። እንደ ከረሜላ ቶሎ ቶሎ አይታኘክም። ጥቂት ታኝከውና ምላስህን ሲቆነጥጥህ ጉንጭህ ውስጥ ታሳርፈዋለህ፤ ሲጠፋ ደግሞ ትደግማለህ። ሎሚ ያለበት ነገር እንደጠጣህ ወዲያው አታኝከው፤ ትንሽ ታግሠህ ነው። ዝንጅብልህን አልከለከልኩህም አለችው። ከዚያ እቃውን ከምትሰጥበት ሳህን ይልቅ እጇን በቀዳዳው አሳልፋ መዳፉ ላይ አኖረችለት፤ ቀጥሎ ያለውንም ሰው ጠራች።

በዚያ ሳምንት ምላጭ ሱቁን ዘጋ። ደንበኛ ወደ ማዶ ቢሄድም ይሂድ ብሎ ተወ፤ በሩ ላይ መቆም አልፈለገም። የእማማን ኮርኒስ ቀባ። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ጨርቅ አስሮ፣ አንዴ ማስቲካውን ጉንጩ ውስጥ እያሳረፈ፣ አንዴ ወርዶ ዝንጅብሉን እየጠጣ ዋለ። ጭንቅላት ማስተካከል የለመደ እጅ ጣሪያ ላይ ሲሠራ ቶሎ ይደክማል። እማማ ከታች ተቀምጠው እዚህ ጋ አልደረሰውም፣ እዚያ ጋ ወፍሯል እያሉ ያዙታል። ሲነጫነጭ አይመልሱለትም። እሳቸው ሲነጫነጩ ደግሞ እሱ አይሰማም። አንድ ከሰዓት ሁለቱም ቃል ሳይተነፍሱ ዋሉ፤ ሲመሽ እጁን ታጥቦ ሲወጣ በደህና ዋልን አሉት።

ባለቤቱ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አየች። ባሏ ፊቱ በነጭ ቀለም ተረጭቶ፣ እናቷ ከሥር የመሰላሉን አንድ እግር ይዘው ነበር፤ ይወዛወዛል ብለው ነው። ምን ትሠራላችሁ አላለችም። ቦርሳዋን አስቀምጣ ሌላውን እግር ያዘች።

ማስቲካው ከብዙ ወራት በኋላ ቀረ፤ መጀመሪያ ግማሹ ቀነሰ፣ ከዚያ ኪሱ ውስጥ መኖሩ ብቻ ይበቃው ጀመር፣ ከዚያ አንድ ቀን ይዞት መውጣቱን ረሳ። ዝንጅብሉ አልቀረም። በየትኛው ነው የተገላገልከው ብለው አግዳሚው ላይ ይጠይቁታል። የባንኩ ጥበቃ ቅርንፉዱ ነው ይላል፣ ታክሲ ነጂው ሎሚው ነው ይላል፤ ምላጭ አይፈርድም። እኔ አላውቅም፣ ያገዘኝ ሁሉ አግዞኛል ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ትንሽ ወፍሯል። ምላሱ ስለቱ ተመልሶለታል፤ ሰዎች ይህንን እንደ ጥሩ ምልክት ያዩታል።

እማማ አሁንም አልነኩም። በየእሑዱ እሱና ባለቤቱ ይሄዳሉ። አንዳንዴ ምሳ ከበሉ በኋላ፣ ሴት ልጅየዋ ጋደም ስትል፣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣሉ። ያቺ ሰዓት ናት ክፉዋ፤ ሁለቱም ያውቋታል። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያጣምራሉ፤ እሱ መንገዱን ያያል። ያምራቸዋል። እስኪያልፍ ድረስ ይቀመጣሉ፤ ሲያልፍ እማማ ተነሥተው ፍራፍሬ ያመጣሉ።